ባቡሩና ብድሩ

አንድ አገር ያለ መንገድና ያለ ባቡር ወደ ፊት ሊራመድ እንደማይችል የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ገንዘብ በአገር ውስጥ ሳይገኝ ሲቀር ከውጭ መበደር ግድ ይሆናል። ስለዚህ «ብድር ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል?» ብሎ መከራከር ብቻ አይበቃም፤ ዋናው ነገር ውሉ ነው። ይህንንም አዲስ አበባን ከጅቡቲ ባገናኙት ሁለት የባቡር ሐዲዶች ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቀዱለት። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ነገር ግን ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው የፈረንሳይ መንግሥት እየደጐመው በጉዳዩ ገባበት፤ ምኒልክም ይህ ያለ ፈቃዳቸው ስለተደረገ ተቃወሙ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ የባቡሩን ጉዳይ የውላቸው ክፍል አደረጉት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ገንዘብ ያወጣ ወገን በሥራው ላይ ሥልጣን መሻቱ የማይቀር መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው በኤሌክትሪክ ይሠራል። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ሲሆኑ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይናው ኤክሲም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ወደብ ለሌላት አገር ጥቅሙ ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በጭነት መኪና ቀናት የሚፈጀው ጉዞ በሰዓት የሚቈጠር ሆኗልና።

ችግሩ ከአከፋፈሉ ላይ ነው። ባቡሩ ከወደብ ሞልቶ ይመጣል፤ ወደ ውጭ የምንሸጠው ግን ከምንገዛው እጅግ ስለሚያንስ ሲመለስ የሚጭነው ያንሰዋል። ዕዳው ደግሞ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ በ57 ሚሊዮን ብር ይከፈል የነበረው የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርበት ከ100 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የባቡሩ ብድር መክፈያ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት መራዘሙ ተነገረ። ይህ ለመንግሥት ፋታ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ከፋዮቹ ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጥነው እኛ ነን።

አንዳንድ ሰዎች ከእንግዲህ ከውጭ መበደር ይቅርብን ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ባቡሩ ባይሠራ ኖሮ ድህነቱም ዋጋ ያስከፍለን ነበር። ይልቁንስ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ሥራው ዕዳውን የሚከፍል የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል? ቢቸግረን አበዳሪው ምን ሊወስድ ይችላል? የእኛ ሰዎችስ ሥራውን መቼ ይረከባሉ? ለመጨረሻው ጥያቄ ባቡሩ መልካም ምሳሌ ሰጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. የቻይና ኩባንያዎች አስተዳደሩን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች አስረክበዋልና።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሒሳብና ሕግ ስንማር ለፈተና ብቻ አንማር፤ የነገውን ውል አንብበው የሚፈርሙት ከእኛ መካከል የሚወጡ ናቸውና።