የታዛዦቹ ጉልበት

ጉልበት የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ይሠራል። መገጣጠሚያውም ጉልበት ነው፣ አቅሙም ጉልበት ነው። ለንደን ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ስሠራ ይህ ቃል ከአበሻ ታካሚዎቼ ጋር አንዳንዴ ያደናግረኛል። «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉኝ «የቱ? ቀኙ ወይስ ግራው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በ2020 ጁን ወር ላይ የደወሉልኝ እናት ግን መልሳቸው «ሁሉም» ነበር።

እማማ ልበላቸው፤ ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር ቀያይሬያለሁ። ያኔ 74 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ሰሜን ለንደን በካውንስል ቤት፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ኮሮና ከመግባቱ በፊት፣ ጃንዋሪ ላይ፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ክሊኒክ ሲመጡ ያየኋቸው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሴኮንድ ውስጥ 11 ጊዜ ከወንበር ተነሥተው ተቀመጡ። ከወንበርና ከሰዓት በቀር ምንም የማይፈልግ መለኪያ ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ያለች ሴት ከ10 በታች ከሆነች ለመውደቅ ትቀርባለች እንላለን። 11 ሲሉ አጨበጨብኩላቸው። «ምኑ ይጨበጨብለታል፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው!» ብለው ሳቁብኝ።

ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ብዙዎቻችን ከክሊኒክ ተነሥተን ወደ ኮሮና ሕሙማን ክፍሎች ተዛውረን ነበር። በሽተኛ በደረቱ እናስተኛለን፣ አክታ እንዲወጣ እናግዛለን፣ ከመተንፈሻ መሣሪያ የተላቀቀውን አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ማለትን እንደ ሕፃን እናስተምራለን። በመሃል የቀድሞ ታካሚዎቻችንን በስልክ የምንጠይቅበት ግማሽ ቀን ነበረን። ለእማማ ስደውል «ከቤት ወጥቼ አላውቅም ልጄ፣ ደጃፍ እንኳ አልደርስም» አሉኝ። እኔም ያን ሳምንት ያየሁትን አይቼ ስለነበር «ጎበዝ እማማ! እንደሱ ይሁኑ» አልኳቸው። ስማቸው ላይ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ። ያቺ «ጎበዝ» እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ምክንያቱም መውጣት ይችሉ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማርች 23 ማታ በቴሌቪዥን ቀርበው «ቤት ዋሉ» ሲሉ በቀን አንድ ጊዜ መራመድ፣ መሮጥ ወይም ብስክሌት መንዳት ይፈቀዳል ብለው ነበር። ማርች 26 የወጣው የእንግሊዝ ደንብ ደግሞ «አንድ ጊዜ» የሚል ቃል እንኳ የለበትም፤ ለሰውነት እንቅስቃሴ መውጣት በቂ ምክንያት ነው ይላል፣ አበቃ። አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ በሕግ የደነገገው የዌልስ መንግሥት ነው። «አንድ ሰዓት» የምትባለዋ ደግሞ ከሕግም ከመመሪያም አልመጣችም፤ አንድ ሚኒስትር ቴሌቪዥን ላይ ሲጠየቁ ለብዙ ሰው ይህን ያህል ይበቃል ብለው የገመቷት ናት። በሳምንቱ አገሩ ሁሉ ሕግ አድርጓት አደረ። ሕጉ ሰፊ፣ መመሪያው ጠበብ ያለ፣ ወሬው ደግሞ ከሁለቱም የጠበበ ነበር። ጥንቁቅ ሰው ሦስቱን ሲሰማ የሚይዘው ጠባቡን ነው።

የዚያን ሰሞን ዜና የሚያወራው ግን ስለ ወጡት ብቻ ነበር። የደርቢሻየር ፖሊስ ተራራ ላይ ውሻቸውን ይዘው የሚራመዱ ሰዎችን በድሮን ቀርጾ ለሕዝብ አሳየ። እዚያው አውራጃ ውስጥ ሰማያዊ ውሃው ሰው የሚስብ አንድ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ነበር፤ ማንም እንዳይመኘው ጥቁር ቀለም ጨመሩበት። ደቡብ ለንደን ያለው ብሮክዌል ፓርክ በአንድ ቅዳሜ 3,000 ሰው ገባበት ተብሎ በማግሥቱ ተዘጋ። የወጣ ሰው ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ይቀጣል። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ እግሩ የሚሟሽሽበትን ሰው የሚቆጥር ድሮን የለም። እሱን የምናገኘው እኛ ነን፣ ያውም ከወደቀ በኋላ።

ጁን ላይ ደውለውልኝ ቤታቸው ስሄድ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ ጓንትና ማስክ አድርጌ ነበር፤ በሩን ሲከፍቱልኝ አልለዩኝም። ወንበራቸውን ግድግዳ አስደግፌ ሰዓቴን ያዝኩ። አምስት። አምስተኛው ላይ በእጃቸው ሊደገፉ ሲሉ አየሁና አስቆምኳቸው። በአምስት ወር ውስጥ ከግማሽ በላይ ሄዷል። ይህ የእሳቸው ስንፍና አይደለም፤ ጡንቻ የተሠራው እንዲህ ነው። በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አዛውንቶችን 10 ቀን አልጋ ላይ አስተኝቶ ሲለካቸው ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጎድሎ አገኘ። እማማ አልጋ ላይ አልዋሉም እርግጥ ነው፤ ግን ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ ማድቤት፣ ከማድቤት ወደ ሶፋ ሦስት ወር ማለት ከዚያ ብዙም አይርቅም።

«ለምን አልወጡም?» አልኳቸው።

«ደብዳቤ መጥቶብኝ እንዴት እወጣለሁ?»

ደብዳቤው ማለት ነገሩ ሁሉ ነው። መንግሥት ያኔ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጡትን በሁለት ከፍሎ ነበር። ካንሰር፣ የተተከለ ኩላሊት፣ ከባድ የሳንባ ሕመምና የመሳሰለው ያለባቸው በደብዳቤ ተነገራቸው፤ ለ12 ሳምንት ለእንቅስቃሴም ቢሆን ከበር እንዳትወጡ ተባሉ። ቁጥራቸው እያደረ ከ2 ሚሊዮን አልፏል። 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ሌሎቹ ግን ከሰው ይራቁ፣ ይጠንቀቁ ተባሉ እንጂ መራመድ አልተከለከሉም። እማማ ከሁለተኞቹ ናቸው። ታዲያ የደረሳቸው ደብዳቤ ምንድን ነው? ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ሰሞን 30 ሚሊዮን ለሚሆን ቤት ሁሉ የላኩት ነው፤ እኔም ቤት ገብቷል፣ ሳላነበው ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ጥዬዋለሁ። እማማ ግን አርማውንና ፊርማውን አይተው ለእሳቸው ለብቻቸው የተጻፈ መሰላቸው። የልጅ ልጃቸው በስልክ ካሜራ አይቶ «ቤት ይቀመጡ ነው የሚለው» አላቸው። ልጁ አልዋሸም። ያለው እሱን ነው።

መውጣት እንደሚችሉ ቢያውቁስ ይወጡ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። አይመስለኝም። ደንቡ የፈቀደው «የሰውነት እንቅስቃሴ» ነው፤ ይህ ደግሞ የስፖርት ጫማና ቱታ ያለው ሰው ኑሮ ነው። እማማ ስፖርት ሠርተው አያውቁም። ነገር ግን እሑድ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ቅዳሴውን ቆመው ያስቀድሳሉ። ማኅበር አላቸው። ለቅሶ አይቀሩም። ሽንኩርት በርካሽ ለመግዛት ሦስት ፌርማታ በእግር ያልፋሉ። ይህን ሁሉ ደምሬ ሳየው እኔ ከምጽፍላቸው የእንቅስቃሴ ፕሮግራም የሚበልጥ ነበር። ሎክዳውኑ ያላቸውን ሁሉ ከልክሎ የሌላቸውን ፈቀደላቸው። «ምን ብዬ ልዙር?» አሉኝ። «ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ የሚዞር እብድ ነው።» ወጣቶቹ ወክ እናደርጋለን ይላሉ፤ በእማማ ዓለም ግን ሰው የሚራመደው ወደ ሆነ ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ለመስማት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 19፣ በእኛ ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ዝግ ስለሆነ ሕማማቱን ቤታቸው ሊሰግዱ ሰኞ ጀመሩ። ሰኞና ማክሰኞ አልጋውን እየያዙ ተነሡ። ሐሙስ ዕለት ወርደው መነሣት አቃታቸው። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ቆዩ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቁም፣ መስኮቱ ግን ጨልሞ ነበር። በመጨረሻ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ሶፋው ዘንድ ደረሱ። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ለምን አልደወሉም?»

«ማንን ልጥራ ልጄ? የሰው ቤት መግባት ተከልክሏል። እኔን ለማንሣት ሰው ሕግ ይጣስ?»

ሰው በኮሮና ጊዜ ሕግ አላከበረም ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይህችን ምንጣፍ አስባለሁ። የወደቀን ሰው ማንሣት መቼም አልተከለከለም ነበር። ይህን ለእሳቸው የነገራቸው ግን የለም፤ እኔም ጎበዝ ብያቸው ነበር።

እማማ ብቻቸውን አይደሉም። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ከ65 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ጡንቻና ሚዛን ለሚያጠነክር እንቅስቃሴ የሚያውሉት ጊዜ በሳምንት በአማካይ ከ126 ደቂቃ ወደ 77 ወርዶ ነበር፤ ያም ከማርች እስከ ሜይ 2020 ባለው ጊዜ ብቻ። ቤት መዋሉ ነፍስ አድኗል፣ በዚህ አልከራከርም፤ የዚያን ሰሞን ክፍሎቻችንን ያየ አይከራከርም። ግን ሕግ ሲወጣ አጥፊውን ብቻ እያሰቡ መጻፍ ታዛዡን የት እንደሚያደርሰው እኔ በሙያዬ አይቻለሁ።

ፍርሃቱም አለ። የመጀመሪያው ቅጣት 60 ፓውንድ ነበር፤ ለእማማ የሁለት ሳምንት አስቤዛ ነው። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ከፖሊስ ጋር መነጋገር ራሱ ያስፈራቸዋል፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኔስ? በእረፍት ቀኔ ስሮጥ የሥራ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር የምወጣው። ደረቴ ላይ ጧ ጧ እያለ ያናድደኛል፣ ግን አላወልቀውም። ሲበዛ ተጠራጣሪ ነሽ ያሉኝ ነጭ ባልደረቦች ነበሩ። በጁላይ የፖሊስ አዛዦች ምክር ቤት ራሱ ባወጣው ትንታኔ ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች ከነጮች በ1.6 እጥፍ ተቀጥተው ተገኙ። ዘገባውን አትሜ የሻይ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ማንም ምንም አላለኝም።

እማማ ቤት በሄድኩበት በዚያ የጁን ቀን ሃያ ደቂቃ ቀርቶኝ ነበርና «እንውረድ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አደረጉ፣ ቦርሳቸውን ያዙ። ከፎቁ በር እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ወንበር 62 እርምጃ ቆጠርኩ። ሰው ስለ መራመድ ሲያወራ ስለ ወንበር አያወራም፤ ለእኛ ሙያ ግን አግዳሚ ወንበር ከስፖርት መሣሪያ ሁሉ ይበልጣል። 62 እርምጃ የሚችል ሰው በ62ኛው ላይ ማረፊያ ከሌለው አንድም አይራመድም። ኤፕሪል ላይ ለፖሊስ የወጣው ማብራሪያ ረጅም እየተራመዱ ማረፍ ይቻላል፣ አጭር ተራምዶ አግዳሚ ላይ ረጅም መቀመጥ ግን አይቻልም ይል ነበር። የጻፈው ሰው ጥሩ ጉልበት እንደነበረው አልጠራጠርም። ሜይ 13 ላይ መቀመጡም ተፈቀደ፤ ከአግዳሚው እግር ሥር ግን የታሰረበት ቀይና ነጭ ቴፕ ቁራጭ ገና ይውለበለብ ነበር።

እማማ ቴፑን አይተው ቆሙ። «መቀመጥ ይፈቀዳል?»

«ተፈቅዷል።»

ግራ ቀኝ አይተው ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ከፍተው ከፓስፖርታቸው ጋር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና ጭናቸው ላይ አኖሩት። ያ ደብዳቤ ነው። ፖሊስ ቢመጣ ሊያሳዩት ነው። ከቤት አትውጡ የሚለውን ደብዳቤ የመውጫ ፈቃድ አድርገው ይዘውት ወርደዋል። አልሳቅሁም፤ ማስኩ ግን ጠቀመኝ።

ከዚያ ወዲያ በስልክና በየሁለት ሳምንቱ በምሄድበት ቀን ሠራን። ፕሮግራሙን በእሳቸው ሰዓት አደረግነው፦ ጠዋት ከጸሎት በኋላ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈው ይነሣሉ ይቀመጣሉ፤ እንዴት እንደሚወረድና እንዴት ተገልብጦ በጉልበት መነሣት እንደሚቻል ምንጣፉ ላይ አብረን ተለማመድን፤ ወክ የሚባለውን ቃል ትተን «ማኅበርተኛዎን ጠይቀው ይመለሱ» አልን። ማኅበርተኛቸው ሁለት መንገድ ተሻግረው ነው የሚኖሩት። በር ላይ ቆመው ከሁለት ሜትር ርቀው ይጠያየቃሉ።

ጃንዋሪ 2021 አገሩ እንደገና ተዘጋ። በዚህኛው ከሌላ ቤት ከመጣ አንድ ሰው ጋር ሆኖ ለእንቅስቃሴ መውጣት ተፈቅዶ ነበር። በዚያው ሰሞን ደርቢሻየር ውስጥ ሁለት ሴቶች ትኩስ መጠጥ ይዘው ሊራመዱ በየመኪናቸው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ቢነዱ፣ መጠጡም ሽርሽር ያሰኛል ተብለው እያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ ተቀጡ። አገር ሳቀበትና ቅጣቱ ተነሣ፤ ይቅርታም ተጠየቁ።

አንድ ረፋድ ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው፤ ነፋስ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ከማኅበርተኛዬ ጋር ወጥተናል። ቡናውን በፔርሙስ ይዘናል፣ ስኒውንም ለየብቻ። ይኼ ሽርሽር ይባላል እንዴ?»

ከኋላ ሌላ ሴት ስትስቅ ይሰማል። «ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ ተነሡ?» አልኳቸው።

«ዘጠኝ። አሥረኛውን ከቡናው በኋላ።»