ስለ መጀመሪያ ርዳታ መማሪያ መሣሪያዎች

ሰው በድንገት አደጋ ሲደርስበት፣ ሐኪም እጅ እስኪገባ ድረስ በአጠገቡ የተገኘ ሰው የሚያደርግለት ርዳታ የመጀመሪያ ርዳታ ይባላል። ይህን ትርጕም ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን በቃል ማወቅና በእጅ ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ዋና በመጽሐፍ አይለመድም፤ ዕርፍ ሳይጨብጡም ማረስ አይታወቅም። የመጀመሪያ ርዳታም እንደዚሁ በመሆኑ፣ እጅን የሚያስተምሩ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ተሠርተውለታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ እነርሱ አሠራርና ጥቅም ለውድ አንባቢዎቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ ለእኛ ለራቤል ልጆች ከሌላው ይልቅ ያስፈልገናል። አገራችን ደጋ ነው፤ ገደሉ ብዙ፣ ብርዱም ጽኑ ነው። እረኛ ከገደል ይወድቃል፤ እንጨት የሚፈልጥ ሰው እግሩን በመጥረቢያ ይመታል፤ ሕፃን ብርድ ሸሽቶ ወደ ምድጃ ሲጠጋ ይቃጠላል። መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ ሕመምተኛው በቃሬዛ ተይዞ ነው የሚመጣው። እንግዲህ አደጋው ከደረሰበት ሰዓት አንሥቶ ጤና ጣቢያ እስከሚገባበት ሰዓት ድረስ ሕይወቱ ያለው በሐኪም እጅ ሳይሆን በቤተ ሰቡና በጎረቤቱ እጅ ነው።

ከመማሪያ መሣሪያዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የሰው ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ነው። የሠራው አስሙንድ ሌርዳል የተባለ በኖርዌይ አገር በስታቫንገር ከተማ የሚኖር የሕፃናት መጫወቻ ሠሪ ነበር። በዚያን ዘመን ፒተር ሳፋር የተባለው ሐኪም ትንፋሹ ለተቋረጠ ሰው አፍን በአፍ ገጥሞ አየር መስጠት እንደሚጠቅም አስረድቶ ነበር። ሌርዳልም ለስላሳ ፕላስቲክ መሥራት ያውቅ ስለ ነበር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. «አን» የተባለችውን አሻንጉሊት አወጣ። የራሱም ሕፃን ልጅ ውሃ ውስጥ ሊሞት ደርሶ በአባቱ እጅ መትረፉ ይነገራል። የአሻንጉሊቷ ፊት የተቀዳው በፓሪስ ሴን ወንዝ ሰጥማ ሞተች ከምትባል፣ ስሟ ከማይታወቅ ወጣት ሴት የፊት ምስል ነው። ያች ልጅ በሕይወቷ ሳለች የሚያድናት አላገኘችም፤ ዛሬ ግን በፊቷ ምክንያት በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰዎች ማዳንን ይማራሉ።

«አሻንጉሊት ለምን ያስፈልጋል? በጓደኛ ላይ መለማመድ አይቻልም ወይ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይቻልም። ልቡ በደኅና የሚመታን ሰው ደረት በኀይል መጫን ይጎዳዋል፤ የጎኑንም አጥንት ሊሰብር ይችላል። አሻንጉሊቷ ግን በደረቷ ውስጥ ሞላ ስላላት እንደ ሰው ደረት ትረግጣለች፣ ተመልሳም ትነሣለች። አያያዙ እንዲህ ነው፦ ራሱን የሳተና በደንብ የማይተነፍስ ሰው ሲገኝ ርዳታ ይጠራል፤ ከዚያም የአንድ እጅ መዳፍ ሥር በደረቱ መካከል ተደርጎ ሌላው እጅ በላዩ ይደረባል፤ ክንድ ሳይታጠፍ ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጫናል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። 30 ጊዜ ከተጫነ በኋላ 2 ጊዜ ትንፋሽ ይሰጣል። ትንፋሽ መስጠት ያልተማረ ሰው መጫኑን ብቻ ሳያቋርጥ ይቀጥል። ይህ ለዐዋቂ ሰው ነው፤ ለሕፃናት የሚደረገው ለብቻው ይማሩታል።

በሥልጠና ላይ ስሳተፍ እኔን የገረመኝ የድካሙ ነገር ነው። 5 ሴንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንድ ይዝላል፤ ወገብም ይከብዳል። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎች በየሁለት ደቂቃው እንዲቀያየሩ ይመከራል። ይህን መጽሐፍ ቢነግረኝም ያሳመነችኝ ግን አሻንጉሊቷ ናት።

ሁለተኛው መሣሪያ ሦስት ማዕዘን ያለው ጨርቅ ነው። ይህን ጨርቅ በሰፊው ያስተዋወቀው ፍሪድሪሕ ፎን ኤስማርክ የተባለ የጀርመን የጦር ሐኪም ነበር። ብልሃቱም አስተሳሰሩን የሚያሳዩ የወታደሮች ሥዕሎች በራሱ በጨርቁ ላይ እንዲታተሙ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ጨርቁ መድኀኒትም መምህርም ሆነ። እኛ ዘንድ ነጠላ ወይም ሻሽ በሰያፍ ሲታጠፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የተሰበረ ክንድ ያንጠለጥላል፤ በቍስል ላይ የተደረገ ንጹሕ ጨርቅም ያጠብቃል።

ሦስተኛው የስብራት መደገፊያ ነው። ለሥልጠና የሚታጠፍ ሽቦ ወይም ጠፍጣፋ እንጨት ይቀርባል። ሕጉ አንድ ነው፤ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መጋጠሚያዎች ሁለቱም እንዳይንቀሳቀሱ ማሰር። በአገራችን ይህን ሥራ ወጌሾች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ለእንጨቱም ማለስለሻ የመንዝ በግ ጠጕር ከማንኛውም ጥጥ አያንስም። ሆኖም እጅግ የጠበቀ ማሰሪያ ደም ይከለክላል፤ ደም ያጣ እጅ ወይም እግር በመጨረሻው እስከ መቈረጥ ያደርሳል። ስለዚህ ተማሪው ካሰረ በኋላ የጓደኛውን ጣቶች ደጋግሞ እንዲያይ ይታዘዛል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቈሩ ማሰሪያው ወዲያው መላላት አለበት።

አራተኛው ደም የሚያፈስ ሰው ሠራሽ እግር ነው። ከቍስሉ ውስጥ ቀይ ውሃ በቱቦ ይፈሳል፤ ተማሪው ቦታውን አግኝቶ በትክክል ሲጫን ይቆማል፤ እጁ ከላላ ግን እንደገና ይፈሳል። በመጫን የማይቆም፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ደም ከእጅ ወይም ከእግር ሲፈስ፣ ከቍስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ በመጋጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅና በአጭር እንጨት ተጠምዝዞ ይታሰራል። የታሰረበት ሰዓት ተጽፎ ከሕመምተኛው ጋር ይሂድ፤ ሐኪም ሳያየውም አይፈታ። በቀጭን ሲባጎ ማሰር ግን ሥጋን ይጎዳል።

ከእነዚህ ሌላ ለልብ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጠውን መሣሪያ የሚመስል፣ ነገር ግን ምንም ኤሌክትሪክ የማይሰጥ መለማመጃ አለ። እየተናገረ ተማሪውን ደረጃ በደረጃ ያዛል። በትልልቅ ከተሞች ይጠቅማል፤ ለእኛ ግን የሚቀድመው ሌላ ነው።

ከሁሉ የረከሰው መሣሪያ ውሃና ሰዓት ነው። የተቃጠለ ሰውነት በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ሊፈስበት ይገባል፤ የቀረው አካሉ ግን ብርድ እንዳይመታው በባና ይሸፈን። በብዙ ቤት ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ይቀባል፤ በተቈረጠ ቦታም የቡና ዱቄት ይነሰነሳል። ይህ ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ቍስሉን ለመመረዝ ያጋልጣል። 20 ደቂቃ ደግሞ በሰዓት ተለክቶ ካልተለማመዱት በጣም ረጅም ስለሚመስል ሰው በአምስተኛው ይተወዋል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. ነው። ማኅበሩ በአምቡላንስ ሕመምተኛ ከማጓጓዙ በላይ የመጀመሪያ ርዳታ ያስተምራል። እንግዲህ የሚያስተምር አለ፤ የሚቀረው የተማርነውን እንዳንረሳ መለማመድ ነው።

አሻንጉሊቷ ውድ ስለሆነች ትምህርት ቤታችን ዛሬውኑ ይግዛ አልልም። ነገር ግን ሦስት ማዕዘን ጨርቆችን የስፌት ዐዋቂ እናቶች ሊሰፉልን ይችላሉ፤ መደገፊያውን እኛው እንጠርባለን፤ ከሁለት ጠንካራ ዘንጎችና ከአንድ ጋቢ ቃሬዛ ይሠራል። ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያም የመጫኑን ጥልቀት በትክክል ባያሳይ እንኳ የእጅ አቀማመጥንና የ100ን ቈጠራ ያስለምዳል። እነዚህን በአንድ ሣጥን አኑረን በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ብንለማመድ ምን ይጎድልብናል?

«ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ቃሬዛ መሸከምን አባቶቻችን በዚህ ዐይነት ተካፍለው ኖረዋል። ዕውቀቱንም እንዲሁ እንካፈለው፤ ከየመንደሩ የሚመጣ ተማሪ አንድ አንድ ነገር በእጁ ዐውቆ ቢመለስ፣ በየመንደሩ አንድ ረዳት ተገኘ ማለት ነው። የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ሣጥኑን ለመሙላት ርዱን፤ እኛም ለመማር ዝግጁ ነን።