ካልሲየም በሐይቅና በወንዝ አልጌዎች ህዋስ ውስጥ

ካራ የሚባለው አረንጓዴ አልጌ በጠራና በረጋ ውሃ ሥር ይበቅላል። ከላይ ለሚያየው ሣር ይመስላል፤ ግንዱ ግን አንጓ በአንጓ የተቀጣጠሉ ረጃጅም ህዋሶች ነው። አንዱ ህዋስ ብቻውን ወደ አንድ ሚሊሜትር ይወፍራል፣ ብዙ ሴንቲሜትር ይረዝማል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሳይቶፕላዝሙ በአንድ ጎን ሽቅብ፣ በሌላው ጎን ቁልቁል ሳያቋርጥ ይዞራል። ጣሊያናዊው ቦናቬንቱራ ኮርቲ ይህን ዝውውር የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1774 ነው። ህዋሱን ጠንከር አድርገው ቢነኩት ወይም ትንሽ ኤሌክትሪክ ቢያስነኩት ዝውውሩ በቅጽበት ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሚያስቆመው ካልሲየም ነው። ስለ አልጌ ህዋስ ካልሲየም ዛሬ ከምናውቀው ውስጥ ብዙው የተገኘው እንዲህ ካሉ ግዙፍ ህዋሶች ነው።

ለስላሳ በሚባል ውሃ ውስጥ ካልሲየም በሊትር ጥቂት ሚሊግራም፣ ጠንካራ በሚባለው ደግሞ 40 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ይገኛል። 40 ሚሊግራም በሊትር አንድ ሚሊሞላር ነው። በሳይቶፕላዝም ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚገኘው ካልሲየም ግን ህዋሱ ባልተነካበት ጊዜ ከ100 እስከ 200 ናኖሞላር ገደማ ብቻ ነው፤ ከጠንካራው ውሃ ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥር ሺኛ ያህል መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የህዋሱ ውስጥ ከውጭው ይልቅ በኤሌክትሪክ ኔጌቲቭ ስለሆነ ፖዘቲቭ የሆነውን የካልሲየም አዮን ወደ ራሱ ይስባል። ካልሲየም ባገኘው መግቢያ ሁሉ ሊገባ ይገፋል፤ ህዋሱ ደግሞ ጉልበት እያወጣ በፓምፕ ወደ ውጭ ይመልሰዋል፣ ወይም ቫኪዮል በሚባለው ከረጢት ውስጥ ያከማቸዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ያለ ምክንያት አይደለም። ህዋስ ጉልበቱን የሚያንቀሳቅሰው በፎስፌት ነው፤ ካልሲየም ከበዛ ፎስፌቱን ይዞት ይዘቅጣል። መጀመሪያ ከመርዝ መከላከያ የነበረው ጥንቃቄ በኋላ የመልእክት መንገድ ሆነ። ጸጥ ባለ ቤት ሹክሹክታ እንደሚሰማ ሁሉ፣ መጠኑ እጅግ ባነሰበት ሳይቶፕላዝም ውስጥ ጥቂት የካልሲየም አዮን መግባቱ ወዲያው ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይለይ መታለፍ የለበትም። አልጌውን አቃጥሎ በአመዱ ውስጥ ያለውን ካልሲየም መለካት ስለ ህዋሱ መልእክት የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ከህዋስ ግድግዳው ጋር የተያያዘ ወይም በቫኪዮል የተከማቸ ነው። ካራ ደግሞ በላዩ ላይ የኖራ ቅርፊት ያበጃል፤ የህዋሱ ገጽ አንዱ ቀበቶ አሲዳማ፣ ቀጣዩ አልካላይን እየሆነ ይፈራረቃል፣ ካልሲየም ካርቦኔቱም በአልካላይኑ ላይ ይጋገራል። ህዋሱ የሚያነበው ግን ነጻውን ካልሲየም ነው፤ እሱም ከጠቅላላው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ስለ «ካልሲየም መጠን» የሚናገር ጽሑፍ አንባቢን ያሳስታል።

ነጻውን ለመለካት መንገድ የከፈተው ኤክዎሪን የሚባል የጄሊፊሽ ፕሮቲን ነው። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራና ባልደረቦቹ በ1962 ለይተው ያወጡት ይህ ፕሮቲን ካልሲየም ሲያገኝ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። በ1982 ዊሊያምሰንና አሽሊ ይህን ፕሮቲን በካራና በዘመዷ በኒቴላ ህዋሶች ውስጥ በመርፌ ከተው ብርሃኑን ተከታተሉ፤ ህዋሱ ሲነቃቃ ነጻው ካልሲየም ከናኖሞላር ተነስቶ ወደ ብዙ ማይክሮሞላር ሲዘል ታየ። በኋላ የመጡት የሚያበሩ ቀለሞች ለእንስሳት ህዋስ ምቹ ሲሆኑ በአልጌ ላይ አስቸጋሪዎች ናቸው፤ ቀለሙ ወደ ቫኪዮል ይሸሻል፣ ክሎሮፊሉም የራሱን ቀይ ብርሃን ይጨምራል።

ካልሲየሙ ሲገባ የሚከተለው እጅግ የሚደንቅ ነው። የክሎራይድ መተላለፊያዎች ይከፈታሉ፣ ክሎራይድ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ የህዋሱ ቮልቴጅ ይወድቃል፤ ከዚያ ፖታሲየም እየወጣ ሚዛኑን ይመልሳል። በእኛ ነርቭ ውስጥ ይህን ሥራ የሚጀምረው ወደ ውስጥ የሚገባ ሶዲየም ነው። በሐይቅ ውሃ ውስጥ ግን ሶዲየም እምብዛም ስለሌለ አልጌው ከውስጥ ባለው ክሎራይድ ይጠቀማል። ኮልና ከርቲስ የተባሉት አሜሪካውያን በ1938 የሕዋስ ሽፋን በንቃት ጊዜ የኤሌክትሪክ ባሕርዩን እንዴት እንደሚለውጥ ያሳዩት በኒቴላ ሲሆን፣ በስኩዊድ ነርቭ ላይ ያሳዩት በማግስቱ ዓመት ነው። የነርቭ ሳይንስ ታሪክ ሲነገር ኒቴላ መዘለሏ ተገቢ አይመስለኝም። ዝውውሩን የሚጎትተው ሚዮሲን የተባለው ፕሮቲንም ካልሲየሙ ሲንር ሥራውን ያቆማል፤ ካልሲየሙ ተለቅሞ ሲወጣ እንደገና ይጀምራል።

ዛሬ የምርምሩ ማዕከል ወደ ክላሚዶሞናስ ዞሯል። 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ነጠላ ህዋስ ነው፤ በሁለት ጅራፍ መሰል ፍላጀላዎች ይዋኛል፣ ጂኖሙም በ2007 ታትሟል። በዓይን ነቁጡ ብርሃን ሲያገኝ ቻናልሮዶፕሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ተከፍተው አዮኖች ይገባሉ። ሁለቱ ፍላጀላዎች ለካልሲየም የሚሰጡት ምላሽ እኩል ስላልሆነ አንዱ በርትቶ ይቀዝፋል፣ ሌላው ይለግማል፤ ህዋሱም ይጠመዘዛል። ብርሃኑ ድንገት ሲበረታ ተጨማሪ ካልሲየም በፍላጀላዎቹ በኩል ገብቶ ለአጭር ጊዜ ወደ ኋላ ያስዋኘዋል። አሲድ ሲነካው ደግሞ የካልሲየም ጎርፍ ሁለቱንም ፍላጀላ ከሥራቸው ያስቆርጣል፤ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ያበቅላቸዋል። እነዚያው ቻናልሮዶፕሲኖች የአንጎል ተመራማሪዎች ነርቭን በብርሃን የሚያዝዙባቸው መሣሪያዎች ሆነዋል።

ካልሲየምን ከሚመስሉት የሚለይ አልጌም አለ፤ ክሎስቴሪየም የሚባለው ጨረቃ መሰል አልጌ በሁለቱ ጫፎቹ ባሉ ከረጢቶች የባሪየም ሰልፌት ቅንጣት ያከማቻል። ስትሮንቲየም ለካልሲየም በጣም ስለሚቀርብ አብሮ ይገባል፤ ነገር ግን ካልሲየም ሰልፌት በቀላሉ ስለሚሟሟ በፈሳሹ ውስጥ ሲቀር ስትሮንቲየሙ ከባሪየሙ ጋር ይጋገራል። ይህ መለየት ራዲዮአክቲቭ ስትሮንቲየምን ከውሃ ለማጥራት ለሚያስቡ ሰዎች ትኩረት ሆኗል።

ወደ ሐይቁ ውሃ ስንመለስ፣ በአሲድ ዝናብና በደን ምንጠራ ምክንያት በካናዳ ኦንታሪዮ ብዙ ለስላሳ ሐይቆች ካልሲየማቸው እየቀነሰ መጥቷል። ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር ሲወርድ ዳፍኒያ የምትባለው ደቃቅ የውሃ እንስሳ ቅርፊቷን መሥራት ይቸግራታል። ይህ መጠን ወደ ማይክሮሞላር ሲለወጥ ከ37 ጥቂት ይበልጣል፤ ለዳፍኒያ ረሃብ ሲሆን፣ ለአልጌው ግን በሳይቶፕላዝሙ ካለው አሁንም በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። መልእክቱን ለማስተላለፍ የሚበቃ ካልሲየም አለው ማለት ነው። አልጌውን ቀድሞ ሊነካው የሚችለው ዳፍኒያ ስትመነምን እሱን የሚበላው መቅረቱ ነው።