የስድስት ሰዓት ልዩነት

ጠዋት ነቀምቴ ያለችው ሠራተኛ የፈተናውን ቀን አስተካክላ ገጹን ሰርቨሩ ላይ ጫነች። ከሰዓት በኋላ ጊምቢ ያለው ባልደረባዋ በዚያው ገጽ ላይ ፎቶ ጨመረ። ማታ ገጹን የከፈተ ሰው አዲሱን ፎቶ ከአሮጌው ቀን ጋር አገኘው። ስልክ ተደወለ። «ኦቦ፣ የጻፍኩትን ምነው አጠፉብኝ?» «ኧረ አዴ፣ ቀኑን በእጄም አልነካሁት!» ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ድረ ገጽ የሚጠግን ባለሙያ እንዲህ ያለ ጠብ መሐል ሲጠራ «ማን አጠፋው?» ብሎ አይነሳም። የጊምቢውን ሰው «ገጹን ከሰርቨሩ ያወረዱት መቼ ነው?» ይለዋል። መልሱ «ትናንት» ከሆነ ነገሩ ተፈታ። የትናንቱን ቅጂ ከፍቶ፣ ፎቶ ጨምሮበት፣ ሙሉውን ገጽ መልሶ ሲጭን የጠዋቱ እርማት ከሥሩ ተቀብሯል። ዛሬም ብዙዎች ፋይል የሚልኩበት ኤፍቲፒ በ1971 እ.ኤ.አ. የተነደፈ ነው። የመጣለትን ፋይል በነበረው ላይ ይጽፋል እንጂ «በመሐል ሌላ ሰው ነክቶታል» የሚልበት አንደበት የለውም።

በወለጋ ሥራው ራሱ በከተሞች የተበተነ ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲን ብቻ ብንወስድ ግቢዎቹ ነቀምቴ፣ ጊምቢና ሻምቡ ናቸው። ጊምቢ ከነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እንዲህ ባለ አካባቢ አንድ ገጽ የሚጠብቁ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ፋይል የሚያመሳስል ፕሮግራም ይገባል፤ ፕሮግራሙም ከሁለት ቅጂዎች አዲሱን ይመርጣል። አዲሱን በምን ያውቀዋል? በሰዓት።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ ኮምፒዩተር ከእኩለ ሌሊት። የላፕቶፑን ሰዓት በለመደው አቆጣጠር የሞላ ሰው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማሽኑ 15 ማለት ሲገባው 9 ይልለታል። ማሽኑ እንደሚረዳው ከሆነ ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አሁን የተጨረሰው ሥራ የስድስት ሰዓት ዕድሜ ተጨምሮበት ይመዘገባል። ሰርቨሩ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት የተጫነ ቅጂ ካለ፣ ፕሮግራሙ ያንን «አዲስ» ብሎ ያወርድና ትኩሱን ሥራ ይደመስሰዋል። ሰርቨሩም የራሱ ሰዓት አለው። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ኤፍቲፒ የፋይሎችን ዝርዝር ሲያሳይ ሰዓቱን ይጽፋል፣ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ግን አይጽፍም። ፋይልዚላ በሚባለው የፋይል መላኪያ ፕሮግራም ውስጥ ይህን ልዩነት የሚሞሉበት ቦታ አለ፤ ብዙ ሰው አይከፍተውም።

ያረጀ ዴስክቶፕ ሲገጥም ደግሞ ባትሪውን ማየት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሳንቲም የምታህለው ሲአር 2032 ስትሞት መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። በዚያ ኮምፒዩተር የሚሠራው ሰው ዛሬ ቢጽፍም ለፕሮግራሙ ከሁሉም አሮጌው እሱ ነው።

ሰዓቱ ተስተካክሎም ፋይል የሚጠፋ ከሆነ ስሙን መመርመር ያስፈልጋል። «ዓመታዊ ሪፖርት» እና «አመታዊ ሪፖርት» ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ዓ እና አ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ለሕዝብ ይታያል። ኦሮምኛም የራሱ ጣጣ አለው። በቁቤ ሁዻ የሚባለው ምልክት በቁልፍ ሰሌዳ ሲመታ ቀጥ ያለ ነው፤ ወርድ ውስጥ ሲጻፍ ፕሮግራሙ ያጎብጠዋል፤ ስሙም ሌላ ስም ይሆናል። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደ አንድ ሲያይ፣ ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ይለያቸዋል። ባለሙያው የፋይል ስሞች በትንንሽ የላቲን ፊደላትና በቁጥር ብቻ ይሁኑ ብሎ ሲለምን ቋንቋዎቹን ንቆ አይደለም። ገጹ ውስጥ የተጻፈው አማርኛና ኦሮምኛ ሳይጎድል ለአንባቢው እንዲደርስ ብሎ ነው።

መብራት መሐል ላይ ሲጠፋ የሚደርሰው ጉዳት ከሁሉም ይከፋል፤ ቶሎ አይታይምና። ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ሰርቨሩ ላይ የቀረው ግማሽ ፋይል የዚያችን ደቂቃ ሰዓት ይዟል። ስለዚህ አዲስ ነው። ሻምቡ ያለው ማሽን ማታ ሲመሳሰል ሙሉውን በግማሹ ይተካዋል። አንድሪው ትሪጅልና ፖል ማኬራስ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት አርሲንክ የሚባል የማመሳሰያ ፕሮግራም ይህን ያስቀራል። የሚመጣውን ፋይል በጊዜያዊ ስም ይዞ ይቆይና ሲሞላ ብቻ በዋናው ስም ያስቀምጠዋል። ቀድሞ ካለ ፋይል የሚልከውም የተለወጠውን ክፍል ብቻ ነው፤ መስመሩ ለቀጠነበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም እሱም ካልተነገረው የሚፈርደው በፋይሉ መጠንና በሰዓቱ ነው። ይዘቱን እንዲያመሳክር በግልጽ መታዘዝ አለበት።

መስመሩ ጭራሽ የጠፋበት ጊዜም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆይቷል። ሰው የቤተሰቡን ድምፅ ባጣበት ወቅት የፋይል ነገር ትንሽ ነው። ግን ሦስት ወር ለየብቻቸው የታረሙ ቅጂዎች በአንድ ቀን ሲገናኙ «አዲሱ ያሸንፋል» የሚለው ደንብ የአንዱን ከተማ የሦስት ወር ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ጊት የሚባል ፕሮግራም ለእንዲህ ያለ አካባቢ የታሰበ ይመስላል። ያለ ኔትወርክ ይሠራል። እያንዳንዱ ሰው የገጹን ሙሉ ታሪክ በራሱ ማሽን ይይዛል። ፋይሎችን የሚለያቸው ከይዘታቸው አስልቶ በሚያወጣው አሻራ ስለሆነ ቅጂዎቹ ሲዋሐዱ አሸናፊውን ሰዓት አይመርጠውም። ኔትወርክ ከሌለ ለውጦቹን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ፣ ፍላሽ ላይ አድርጎ፣ ከጊምቢ በሚመጣ መኪና መላክ ይቻላል። ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ድካሙ ግን የሚያስቆጭ አይደለም።

ፍላሹ ነቀምቴ ደርሶ፣ ሁለቱ ባልደረቦች አንዱን መስመር በየፊናቸው አርመውት ቢገኙ፣ ጊት አንዱን መርጦ ሌላውን አይጥልም። ሁለቱንም ከላይና ከታች አስቀምጦ ይቆማል። ያን ጊዜ ሠራተኛዋ ስልኳን ታነሳለች።

«ኦቦ፣ የፈተናው ቀን 12 ነው ወይስ 14?»