«ልጁ ዛሬም ትምህርት ቤት አልሄደም?»

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የኦሎምፒያ መንገድ በተማሪ ሰርቪስ ይጨናነቃል። በየአፓርታማው በር ላይ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ምሳ ዕቃውን ያንጠለጠለ ልጅ ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ ሰፈር አንድ ቤተሰብ «ዘንድሮ ልጃችንን ቤት ነው የምናስተምረው» ብሎ ወሰነ እንበል። ወዲያው ስልክ ይጮሃል። አያት፣ «ምን አጥፍቶ ነው ያባረሩት?» አጎት፣ «ክፍያው ከብዷችሁ ነው? ለምን አትነግሩኝም?» አክስት ደግሞ ምንም ሳትናገር በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚያለቅስ ስቲከር ትለጥፋለች።

ሆም ስኩል ለብዙ ዘመድ እንግዳ ቃል ነው። ወጣት ወላጆች ደግሞ ነገሩን ወደ ክርክር ይወስዱታል፤ የዩቲዩብ ቪዲዮ ይልካሉ፣ «ዘመኑ ተቀይሯል» ይላሉ። ዘመድ ግን ቪዲዮ አልጠየቀም። የጠየቀው «ይሄ ልጅ ነገ ምን ይሆናል?» ብሎ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ዛሬ ሰባ ዓመት የሞላቸው አያት ፊደል የቆጠሩት ጎልማሳ ሆነው፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ለእሳቸው በልጅነታቸው ያላገኙት፣ ልጆቻቸውን ግን ከችግር ያወጣ በር ነው። የልጅ ልጃቸው በዚያ በር አይገባም ሲባሉ ቤተሰቡ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላቸዋል። «እርስዎ አይገባዎትም» ማለት ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ሌላው ኮቪድ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ቀረ። የቤት ሥራ በቴሌግራም ይመጣል፣ ልጅ ግን በዚያው ስልክ ጌም ይጫወታል። ዘመድ «ቤት ውስጥ መማር» ሲባል የሚታየው ያ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን በግልጽ ንገሯቸው፦ ያኔ ሁሉም ነገር ድንገት ነበር፤ አሁን ግን የሚያስተምር ሰው፣ የተቆረጠ ሰዓትና መጽሐፍ አለ። ከሌለ ደግሞ ዘመዶቻችሁ ልክ ናቸው።

ምክንያታችሁንም አትደብቁ። ክፍያ ከሆነ ክፍያ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ተጨንቆ ከሆነ ጭንቀቱ፣ ርቀት ከሆነ ርቀቱ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ ተነስቶ ገላን ጉራ የገባ ቤተሰብ የትምህርት ቤት መንገድ ሲረዝም ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳው አይችልም። ዘመድ ያልተነገረውን በግምት ይሞላል፤ ግምት ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ ይከፋል።

ወረቀቱስ?

ከጭንቀቶቹ ሁሉ ክብደት ያለው ይሄ ነው። በኛ አገር ልጅ ከክፍል ክፍል የሚሸጋገረው በማስረጃ ነው። ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ፈተና ተማሪን የሚያስመዘግበው ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ አጎት «ሚኒስትሪ እንዴት ሊፈተን ነው?» ሲል «አይዞህ፣ መንገድ አይጠፋም» መልስ አይሆንም። ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ለኦሎምፒያ ሰው ቂርቆስ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ማስተማር ይፈቀድ እንደሆነ፣ ልጁ ወደ መደበኛ ትምህርት ሲመለስ ስንተኛ ክፍል እንደሚገባ፣ ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ ጠይቁ። ከተቻለ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። «አይቻልም» ከተባላችሁም ልጁ ሳይጎዳ በጊዜ አወቃችሁ።

ውጭ ያሉት ዘመዶች ደግሞ የራሳቸውን ይጨምራሉ። የዋሽንግተኗ አክስት «እዚህ እኮ ኖርማል ነው» ትላለች፤ የፍራንክፈርቱ አጎት «ሕገወጥ ነው፣ እንዳትሞክሩት» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አሜሪካ ውስጥ በ50ውም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ አለበት። የአዲስ አበባውን ግን ከሁለቱም አታገኙትም።

«ትምህርት ቤት ቢሄድ ይሻለው ነበር» ለሚል ሰው የ12ኛ ክፍልን ውጤት መምዘዝ ያጓጓል። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን ዱላ አታድርጉት። የሚነግረን ክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻውን መማር እንዳልሆነ ነው። ቤት ውስጥ መቀመጥም እንደዚያው ነው።

«ብቻውን ሊያድግ ነው?»

አፓርታማ ውስጥ ለሚያድግ ልጅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በሳምንት ፕሮግራም ላይ ይጻፍ፦ የትኛው ቀን ከማን ጋር፣ የት። ከኦሎምፒያ መስቀል አደባባይ በእግር ይደረሳል፤ ጠዋት ሯጩና ኳስ ተጫዋቹ ብዙ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለልጆችም ቦታ አለው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ መድረሳው፣ ቴኳንዶው ከዕድሜ እኩዮች ጋር ያገናኛል። ዋናው ነገር ልጁ ሳምንት ሙሉ የወላጁን ፊት ብቻ እንዳያይ ነው።

ለዘመድ ሥራ ስጡ

ጭንቀት ዳር ለቆመ ሰው ይከብዳል፤ ውስጥ ለገባ ይቀላል። አጎት ነጋዴ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ትርፍና ኪሳራ እያሰላ ፐርሰንት ያስተምር። አያት ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ይንገሩ፤ ልጁ ይጻፍ። እሑድ ቡና ሲፈላ የጻፈውን ለእሳቸው ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ልጁ ሲያነብ በጆሮዋ የሰማች አያት ለጎረቤት የምታወራው ሌላ ወሬ ይሆናል።

በመጨረሻም ቀን ቁረጡ። «እስከ ሰኔ እንሞክረዋለን፤ ካልሆነ መስከረም ላይ እናስመዘግበዋለን» በሏቸው። ይሄን የምትሉት ግን ከልባችሁ ከሆነ ብቻ ነው፤ ሰኔም ሲደርስ ዘመዶቻችሁ ባሉበት ደብተሩን ክፈቱ።