በየወሩ ከትምህርት ቤት ስለምትቀረው ልጅ

የመምህር የስም መጥሪያ መዝገብ ለሚያስተውለው ሰው ብዙ ነገር ይናገራል። በፎገራ ሜዳ ባሉት ትምህርት ቤቶች በሩዝ አጨዳ ጊዜ ቀሪ እንደሚበዛ መምህራን ሁሉ ያውቃሉ። ነገር ግን ከአጨዳም ከገበያም ጋር የማይገናኝ ሌላ ቀሪ አለ። ይኸውም አንዲት ተማሪ በየወሩ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ትቀራለች፤ ስትመለስ ፊቷ ገርጥቶ ይታያል፤ ምክንያቱን ብትጠየቅም አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ልጅ ነው።

እኛም በዚህ ረገድ ከጥፋት ንጹሓን አይደለንም። በውጭ አገር ትምህርታችንን ፈጽመን እንደ ተመለስን፥ በአንድ ጤና ጣቢያ ስንሠራ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እናቷ ደግፋ አመጣችልን። ሆዷን ዳስሰን፥ ትኩሳት አለመኖሩን አይተን፥ «ይህ የሴት ልጅ ወግ ነው፤ ስታገቢ ይተውሻል» ብለን ጥቂት ኪኒን ሰጥተን ሰደድናት። ከስድስት ዓመት በኋላ እንደገና አገኘናት። ትምህርቷን አቋርጣለች፤ አግብታለች፤ ሕመሙ ግን አልተዋትም። ልጅም ባለመውለዷ ትዳሯ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። የሰጠናት ምክር የሕክምና ቃል ሳይሆን የሰፈር ወሬ እንደ ነበረ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ደዌው ምንድን ነው? በሕክምና ቋንቋ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማኅፀንን ውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን በየወሩ ይወፍራል፤ ፅንስ ሳይኖር ሲቀር ፈርሶ ከደም ጋር በወር አበባ ይወጣል። በአንዳንድ ሴቶች ግን ይህን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማኅፀን ውጭ፥ በእንቁላል ማመንጫው ላይ፥ በአንጀትና በፊኛ አጠገብ ይበቅላል። ጊዜው ሲደርስ እርሱም ያብጣል፤ ይደማል። ደሙ መውጫ ስለሌለው አካባቢውን ያስቆጣል፤ እየቆየም ጠባሳ ሠርቶ የሆድ ዕቃን እርስ በርሱ ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶችና ልጃገረዶች ከመቶ 10 ያህሉ፥ ማለት በዓለም ሁሉ 190 ሚሊዮን የሚደርሱት፥ ይህ ደዌ አለባቸው። መንሥኤው ገና ተመርምሮ አላለቀም፤ ተላላፊ አለመሆኑ፥ የኃጢአት ቅጣት ወይም የቡዳ ሥራ አለመሆኑ ግን የታወቀ ነው።

በወር አበባ ጊዜ ጥቂት ቁርጠት መሰማቱ የተለመደ ነው። ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር፥ በተራ ማስታገሻ የማይበርድ፥ ከዓመት ወደ ዓመት የሚብስ ሕመም ግን የተለመደ አይደለም። ሽንት ወይም ዐይነ ምድር ሲወጡ የሚሰማ ሕመም፥ በባልና ሚስት ግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፥ የደም መብዛት፥ የፅንስም መዘግየት የዚሁ ደዌ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ተሰውሮ የኖረ የሴቶች ሕመም ወደ ብርሃን ሊወጣ እንደሚችል አገራችን አስቀድማ አይታለች። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ፥ በምጥ መራዘም ፌስቱላ የደረሰባቸው ብዙ ሴቶች ከሰው ተለይተው ይኖሩ ነበር። ሐኪሞቹ ለእነዚህ ሴቶች የሚሆን ሆስፒታል አቋቋሙ፤ በ2005 ደግሞ የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል በባሕር ዳር ተከፈተ። ሕመሙ ስም አገኘ፤ ስም ያገኘ ሕመም ሐኪም ይፈለግለታል። የወር አበባ ብርቱ ሕመምም እንደዚሁ ስሙ ሊታወቅና ሊታከም ይገባል።

የሕክምናው መንገድ ከቅርብ ይጀምራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ የደነገገ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ ለእነርሱ ትንገር፤ ከዚያ ወደ ወረታ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የሚያስፈልግ ሲሆን ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፥ ወይም 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ትላካለች። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የናበጋንና የዋገጠራን ሜዳ ውሃ ሲያለብሱት ጉዞው ስለሚከብድ፥ መላክ ያለባት ልጅ ከሰኔ በፊት ብትሄድ ይሻላል።

ቀድሞ ደዌውን ለማረጋገጥ ሆድን በትንሹ ቀድዶ በመሣሪያ ማየት ግድ ነበር። አሁን ግን ታሪኳን በሚገባ ጠይቆና መርምሮ ሕክምናውን መጀመር ይቻላል። አልትራሳውንድ ምንም አለማሳየቱ ደዌው የለም ማለት አይደለም። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም፥ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ከምግብ በኋላ ሲወሰድ ሕመሙን ያቀላል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ወይም መርፌ ደግሞ የበቀለውን ሥጋ ያደክመዋል። ይህ ባልበቃ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አለ።

ትልቁ እንቅፋት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው፤ ያላገባች ልጅ ደግሞ ወደዚያ ስትገባ ብትታይ ስሟ ይጠፋል። ጎረቤት የሚያየው የገባችበትን ክፍል እንጂ ሕመሟን አይደለም። ከባሕር ዳር መንገድ ይልቅ ከጤና ጣቢያው በር እስከዚያ ክፍል ያለው አሥር እርምጃ የሚረዝመው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ ለሕመሟ የታዘዘ መሆኑን፥ ስታቆመውም መውለድን እንደማያስቀር አባትና እናት ሊያውቁት ይገባል። የጤና ባለሙያዎችም በተራው የምርመራ ክፍል ተቀብለን ልናዝላት ግዴታችን ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፥ መምህራን መዝገባችሁን ተመልከቱ። በየወሩ እንዲህ የምትቀር ልጅ ብታገኙ በክፍል ፊት አትጠይቋት፤ አንዲት ሴት መምህር ለብቻዋ ታነጋግራት።

ሁለተኛ፥ ልጅቱ ሕመሙ የመጣበትን ቀን፥ የቆየበትን ጊዜና ያስተጓጎለባትን ሥራ በደብተሯ ትጻፍ፤ ይህ ለሐኪሙ ትልቅ ረዳት ነው።

ሦስተኛ፥ ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ሕመም፥ ራስን መሳት፥ ትኩሳት፥ ወይም የወር አበባ ከቀረ በኋላ የሚመጣ ሕመም ሌላ አደገኛ ደዌ ሊሆን ስለሚችል፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ያስፈልጋል።

አራተኛ፥ ልጅ ያላገኙ ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ፤ ምክንያቱ ከወንዱም ሊሆን ይችላልና። ጠበል የምትጠመቅም ብትሆን መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትጠመቅ።

አምስተኛ፥ «ስታገቢ ይተውሻል» የሚለውን ቃል ሁላችንም እንተው።

ያቺ ሴት አሁን በሐኪም ክትትል ሕመሟ ቀልሎላታል፤ ያመለጧትን የትምህርት ዓመታት ግን ልንመልስላት አልቻልንም። በመዝገባችሁ ላይ ስሟ ያለው ልጅ ግን ገና ጊዜ አላት።