ደሙ «ነፃ» ነው፤ ደረቱ ግን ሲር ሲር ይላል

«አስም የለባትም፤ ደሟ ነፃ ነው ተብሏል።» ይህን በሰማሁ ቁጥር ቀጥዬ «ፓፉስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱም ያው ነው፦ «አቁመነዋል።» መጨረሻ የሰማሁት ከአንዲት ጎረቤቴ ነው። የሰባት ዓመት ልጇ ሌሊት ሌሊት ትስላለች፤ ስትሮጥ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ሐኪሙ አስም ነው ብሎ በየቀኑ የሚወሰድ ቤክሎሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ ፓፍ አዘዘላት። ዘመድ መጣና «እስቲ ሌላ ቦታ ደሟ ይታይ» አለ። ታየ፤ ወረቀቱ ላይ አንድም ከፍ ያለ ቁጥር የለም። ፓፉ መሳቢያ ገባ። ሕዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ በቆሻሻ ጭስ በታፈነበት ማታ፣ ልጅቷ ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን ተደርጎላት አደረች።

እርግጥ ሰዉ በደም ምርመራ የሚያምነው በከንቱ አይደለም። ወባን፣ ስኳርን፣ የደም ማነስን የምናውቀው በደም ነው። ደም ሳያስቀዳ መድኃኒት የጻፈ ሐኪም «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም» ተብሎ ይታማል። አስም ግን ደም ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ ተሕዋስ አይደለም። የአየር ቧንቧው ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታ ያመነጫል፤ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ከዚያ ደግሞ ይለቃል። «አስም አለ» ወይም «አስም የለም» ብሎ የሚቆርጥ የደም ምርመራ የትም አገር የለም።

ታዲያ ያ ወረቀት ምን ይነግረናል? አብዛኛውን ጊዜ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ነው። ከአስም ጋር የሚያያዘው መስመር ኢዮሲኖፊል ይላል፤ የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው። አስም ባለባቸው ብዙ ልጆች ይህ ሴል ይበዛና ከደም ወጥቶ የአየር ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ቁጣውንም የሚያባብሰው እዚያ ነው። ደሙ ለእርሱ መንገድ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ስንት እንዳለ መቁጠር ደግሞ ቤት ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ አይነግረንም።

ቁጥሩንም ማንበብ ይጠይቃል። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ጠቅላላ ነጭ ሴሉ 5,000 የሆነ ልጅ ኢዮሲኖፊሉ 4 በመቶ ቢሆን 200 ማለት ነው። ነጭ ሴሉ 12,000 የሆነ ሌላ ልጅ 3 በመቶ ቢኖረው ግን 360 ይሆናል። በመቶኛ ያነሰው በቁጥር በለጠ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ የሚሉት 300 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ አይረጋም፤ ጠዋት ዝቅ፣ ሌሊት ከፍ ይላል። ከሁሉ በላይ ሰው የሚሸወደው ፕሬድኒሶሎን በሚባለው የሚዋጥ ስቴሮይድ ነው። ድንገተኛ ክፍል ይህን መድኃኒት የወሰደ ልጅ ኢዮሲኖፊሉ በሰዓታት ውስጥ ያሽቆለቁላል። በማግስቱ ደም ቢሰጥ «ነፃ» መባሉ ምን ይገርማል? ነፃ ያወጣው መድኃኒቱ ነው። ከነጭራሹ ኢዮሲኖፊል የማይበዛበት የአስም ዓይነትም አለ።

ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ በእኛ አገር ይብሳል። ወስፋት፣ የመንጠቆ ትል፣ ቢልሃርዝያ፣ ሁሉም ኢዮሲኖፊልን ከፍ ያደርጋሉ። አለርጂን ያሳያል የሚባለውን አይጂኢንም እንዲሁ። ስለዚህ ኢዮሲኖፊሉ 900 የደረሰ፣ ግን የማይስልና ደረቱ የማይጮኽ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሰገራ ምርመራ ነው እንጂ የአስም ስያሜ አይደለም። ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል። በ2001 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣ የጅማ ጥናት የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲርሲርታ እንደሚያንሳቸው አሳይቷል፤ ትል በእውነት ከአስም ይከላከላል ወይ የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልተቋጨም።

ቁጥሩ ዋጋ የለውም እያልሁ አይደለም። አስም መሆኑ በሌላ መንገድ በታወቀ ልጅ ላይ ኢዮሲኖፊል ከፍ ማለቱ፣ ሕመሙ ሊነሳበት የሚችል ልጅ መሆኑንና በፓፍ ለሚወሰድ ስቴሮይድ ጥሩ ምላሽ እንደሚሰጥ ይጠቁማል። ለከባድ አስም ውድ የሆኑትን የመርፌ መድኃኒቶች ለመምረጥም ይረዳል። ደረታቸው ደጋግሞ ሲር ሲር ለሚል ሕፃናት በአሜሪካ የቱሳን ከተማ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀው መመዘኛም ይቆጥረዋል። ግን እንዴት? የወላጅ አስምና የልጁ የቆዳ ችፌ ዋና ምልክት ሲሆኑ፣ 4 በመቶና ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል ከሦስቱ ንዑስ ምልክቶች አንዱ ብቻ ነው። «ሙሉ የአለርጂ ምርመራ» እያሉ ሳል ለያዘው ልጅ ሁሉ ደም የሚቀዱ፣ ከዚያም ወረቀቱን ያለ ምንም ማብራሪያ እናት እጅ ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። በቲክቶክ «ደሙ ነፃ ከሆነ ፓፉን ጣሉት» የሚሉትን ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

እሺ፣ ደሙ ካልሆነ ሳንባው ራሱ ይለካ። መለኪያው ስፓይሮሜትሪ ነው። ልጁ አፍንጫው ተይዞ እስኪበቃው አየር ይስባል፤ ከዚያ ባለሙያዋ «ንፋ፣ ንፋ፣ ንፋ፣ እንዳታቆም!» እያለች ባለ በሌለ ኃይሉ ያስነፋዋል። ከአምስት ወይም ስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይህን በቅጡ አይችለውም። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር ይለካል፤ የአየር ቧንቧውን የሚከፍተው ሳልቡታሞል ይሰጠውና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይነፋል። ቁጥሩ ከ12 በመቶ በላይ ከጨመረ አስም ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ጠዋት ፓፉን ወስዶ የመጣ ልጅ ግን ይህን ጭማሪ ላያሳይ ይችላል።

እዚህም ላይ ያው ወጥመድ አለ። አስም የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ፣ ደህና በሆነበት ቀን የተለካ ልጅ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ጤናማ ነው። ኢዮሲኖፊሉ ከፍ ብሎ ሳንባው ደህና የሚነፋ ልጅ አለ፤ ኢዮሲኖፊሉ ዝቅ ብሎ መንፋት የሚያቅተውም አለ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም። ርካሹ መፍትሔ ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባለው ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ናት፤ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ እየነፋ ቁጥሩ ደብተር ላይ ቢሰፍር፣ ከአንድ ቀን ምርመራ ይልቅ ብዙ ትናገራለች። እናትየዋ ሌሊት የቀረጸችው የደረት ድምፅም ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው።

የቀሩትን ባጭሩ።

«ጣቱ ላይ ሲለካ ኦክስጅኑ 97 ነው።» አስም ያለበት ልጅ ኦክስጅኑ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የሚወርደው ሕመሙ ሲከፋ ነው።

«ፓፍ ይለምዳል።» አይለምድም። ሳልቡታሞል ቶሎ ቶሎ ካስፈለገው ቁጣውን የሚያክመው ሌላኛው ፓፍ ቀርቷል ወይም አልበቃም ማለት ነው።

«ብሮንካይት ነው እንጂ አስም አይደለም።» በየወሩ በአሞክሲሲሊን የሚታከም «ብሮንካይት» እንደገና ይታይ።

«ስቴሮይድ ያጫጫል።» ግማሽ እውነት አለው። በሰሜን አሜሪካ በተደረገ ጥናት ለዓመታት ቡዴሶናይድ የሚባለውን ስቴሮይድ የወሰዱ ልጆች አድገው ሲለኩ ካልወሰዱት በአማካይ 1.2 ሴንቲ ሜትር ያጥሩ ነበር። ሌሊት አለመተንፈስ ከዚህ ይከብዳል፤ ምርጫው ያ ነው።

«ሲያድግ ይለቀዋል።» ብዙዎችን ይለቃል፤ ሁሉንም አይደለም። በዚያው በቡዴሶናይዱ ጥናት፣ ቀላልና መካከለኛ ግን የማያቋርጥ አስም የነበረባቸውን ልጆች እስከ ወጣትነት ሲከታተሏቸው፣ የሳንባቸው እድገት እንደሚጠበቀው የሄደው ከአራት የአንዱ ብቻ ነበር። የቀሩት ወይ ሳንባቸው በሚገባው ልክ አላደገም፣ ወይም ያለ ጊዜው ማሽቆልቆል ጀምሯል። ይህን ያሳየው በየዓመቱ የተነፋው ስፓይሮሜትር ነው።